የዘመኑ ኬላዎች፦ የኃያላኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፉክክር ከጅማ ሲታይ

ከዋንዛ፣ ከብሳናና ከሰሳ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና ደን ነው ወይስ እርሻ? በጅማ ዞን ለጎማ ወይም ለማና ወረዳ አርሶ አደር ጥያቄው ራሱ ያስቃል። ማሳው የአባቱ ነው፤ ዛፉን ለጥላ ብሎ የተወው አያቱ ነው፤ ጀንፈሉን በየዓመቱ የሚያስረክበው እሱ ነው። ከሰማይ ሆኖ ለሚያይ ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል (ኢትዮጵያዊ ካልተባሉ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች እስከ 2026 መጨረሻ ደርሷል። ያም ሆኖ ቡናው አውሮፓ እንዲገባ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ተለክቶ መመዝገብና ከሳተላይት ምስል ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

ምስሉን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ደግሞ ሰው አይደለም። ሴንቲነል የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ10 ሜትር ጥራት የሚያነሡትን የምድር ገጽ መርምሮ «ይህ ደን ነው፣ ይህ አይደለም» የሚለው በብዙ ናሙና የሠለጠነ የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ሕጉ ደን የሚለው ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር የሚረዝሙና አናታቸው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ቦታ ነው፤ ለግብርና የዋለ መሬት ግን በዛፍ ቢሸፈንም ደን አይባልም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የጅማ ቡና ከላይ ሲታይ የዛፍ አናት እንጂ የቡና ተክል አይታይም። ሞዴሉ ማሳውን በ2020 ካርታ ላይ ደን ብሎ ከመዘገበው፣ አርሶ አደሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጀ ቡናውን ሲጎነድልና ጥላውን ሲያሳሳ ምንጣሮ ሆኖ ሊቆጠርበት ይችላል። ኅብረቱ ራሱ ያዘጋጀው የደን ካርታ አስገዳጅ አይደለም፤ ይህ መነገር አለበት። ነገር ግን ቅጣቱ የዓመታዊ ሽያጩን 4 በመቶ ሊደርስ የሚችል የአውሮፓ ገዢ፣ ከካርታ ጋር እየተከራከረ የአንድን ገበሬ ጀንፈል ያነሣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሌላ ቦታ ሄዶ ይገዛል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጦር የለም፣ ማዕቀብ የለም፣ ተጠርቶ ማብራሪያ የተጠየቀ አምባሳደርም የለም። ሕጉም በክፋት የወጣ አይደለም፤ እዚሁ ጅማ ያለውን የ«በለጠ ገራ» ደን የሚያውቅ ሰው ደን ይጠበቅ መባሉን አይጠላም። ሆኖም የጅማ ገበሬ ስለ ማሳው የሚሰጠው ምስክርነትና በሌላ አህጉር የሠለጠነ ሞዴል የሚሰጠው ፍርድ ቢጋጩ የማን ቃል እንደሚጸና ከወዲሁ መገመት አያስቸግርም። መንግሥታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲፎካከሩ በመጨረሻ የሚሻሙት ይህንን ሥልጣን ነው፤ ስለ ዓለም የሚሰጠው ፍርድ በማን ማሽን፣ በማን ሕግና በማን ኤሌክትሪክ ይሰጥ የሚለውን።

ፉክክሩ በዜና ሲቀርብ ግን ዘወትር ሩጫ ነው። አሜሪካ ትመራለች፣ ቻይና ትከተላለች፣ አውሮፓ ወደ ኋላ ቀርታለች። የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን በ2017 በትምህርት ዘመን መክፈቻ ላይ ለተማሪዎች ሲናገሩ፣ በዚህ ዘርፍ መሪ የሚሆን የዓለም ገዢ ይሆናል ማለታቸው ወሬውን አድምቆታል። ቻይና በዚያው ዓመት ያወጣችው ዕቅድ በ2030 የዓለም ቀዳሚ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከል መሆንን ግቡ አድርጓል። ዋሽንግተን በጁላይ 2025 ያወጣችው የድርጊት መርሐ ግብርም ርእሱ ላይ ሩጫውን ስለ ማሸነፍ ይናገራል። እኔ ይህ የሩጫ ምስል አይዋጥልኝም። በሩጫ ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ መም ላይ ይሮጣል፤ ማንም የሌላውን ጫማ አይቀማም። እዚህ ግን ዋናው ሥራ የሌላውን ጫማ መቀማት ነው። ይህ አካባቢ ድሮ ያውቀው የነበረ ሥርዓት የበለጠ ይቀርበዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጊቤ መንግሥታት ዳር ድንበራቸውን በኬላ ያስጠብቁ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ጭኖ ወደ ጅማው ሕርማታ ገበያ የሚዘልቀው ሲራራ ነጋዴ በኬላው ያልፋል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጠየቃል። የጅማ ነገሥታት ጉልበት ከምድሪቱ ምርት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ መተላለፊያውን መያዛቸውም አበርትቷቸዋል። ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኢንዱስትሪ በሙሉ እንዲህ ባሉ ጥቂት መተላለፊያዎች ላይ ተንጠልጥሏል፤ የመንግሥታቱ ፍጥጫም የሚጋጋለው እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

አምስት አገር የነካ ቺፕ

ትልልቆቹ ሞዴሎች የሚሠለጥኑባቸው ቺፖች፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩት ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች፣ በአብዛኛው የሚነደፉት በአሜሪካው ኤንቪዲያ ነው። ኤንቪዲያ ግን የራሱ የቺፕ ፋብሪካ የለውም፤ ንድፉን ወደ ታይዋን ይልካል። በ1987 የተቋቋመው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ በዓለም ላይ እጅግ የረቀቁትን ቺፖች አብዛኛውን ያመርታል። ቲኤስኤምሲም በፈንታው፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ቬልድሆቨን በምትባል ከተማ የሚገኘው ኤኤስኤምኤል የሚሠራው ማሽን ከሌለው እጁ የታሰረ ነው። ማሽኑ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታን በሰከንድ 50 ሺሕ ጊዜ በሌዘር እየመታ፣ የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ያመነጫል። ብርሃኑን የሚመሩት መስተዋቶች ከጀርመኑ ዛይስ ይመጣሉ፤ ብርሃኑ ንድፉን የሚያትምበት ኬሚካል ደግሞ በአብዛኛው የጃፓን ነው። ይህንን ማሽን የሚሠራ ሌላ ኩባንያ በዓለም ላይ የለም። አንድም።

እንዲህ ያለ ሰንሰለት ሲበጠስ ማን ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማስላት ብዙ ምሁር አያስፈልግም። ዋሽንግተን ስሌቱን ሠርታ ኦክቶበር 7 ቀን 2022 (መስከረም 27 ቀን 2015 ዓ.ም.) ኬላውን ዘጋች። የንግድ ሚኒስቴሩ ያወጣው ደንብ ኃይለኛ ቺፖች ለቻይና እንዳይሸጡ ከለከለ፤ ቺፖቹን የሚያመርቱት መሣሪያዎች እንዳይገቡ አገደ፤ ይባስ ብሎ የአሜሪካ ዜጎች በቻይና የረቀቁ ቺፕ ፋብሪካዎች ያለ ፈቃድ እንዳይሠሩ አደረገ። የደንቡ ክንድ ረጅም ነው። ታይዋን ውስጥ የተመረተ ቺፕ እንኳ በአሜሪካ ቴክኖሎጂ እስከተሠራ ድረስ የአሜሪካን ፈቃድ ይጠይቃል። በሚቀጥለው ዓመት ኔዘርላንድስና ጃፓን የየራሳቸውን ገደብ ጨመሩ። በጣም የረቀቀው የቬልድሆቨን ማሽን ወደ ቻይና የመግቢያ ፈቃድ ካጣ ግን ከዚያ በፊትም ዓመታት አልፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ኬላ ያለበት ቦታ ሁሉ የሚሆነው ነው። ነጋዴው ጥሻ መንገድ ፈለገ። ኤንቪዲያ ከገደቡ ትንሽ ዝቅ የሚሉ ቺፖችን ለቻይና ብሎ ሠራ፤ አሜሪካ በኦክቶበር 2023 እነዚያንም ዘጋች። ኩባንያው ኤች20 የተባለ ከዚያም ዝቅ ያለ ቺፕ አመጣ፤ የትራምፕ አስተዳደር በኤፕሪል 2025 አገደው፣ በጁላይ እንደሚፈቅድ አስታወቀ፣ በኦገስት ደግሞ ከቻይና ሽያጩ 15 በመቶው ለአሜሪካ መንግሥት እንዲገባ ስምምነት ተደረገ። በዲሴምበርም ከዚህ እጅግ የላቀው ኤች200 በ25 በመቶ ድርሻ እንዲሸጥ እንደሚፈቀድ ፕሬዚዳንቱ ተናገሩ። ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል በፍጹም አይወጣም የተባለ ዕቃ፣ የሚከፈልበት ሲሆን የሚወጣ ከሆነ ክልከላው ቀረጥ ሆኗል ማለት ነው። በዚህ የሚገረም ሰው የኬላ ታሪክ ያላነበበ ብቻ ነው።

ክልከላው ሠርቷል ወይ? መልሱ የሚወሰነው በጠያቂው ነው። በጃንዋሪ 2025 ዲፕሲክ የተባለው የሃንግዡ ኩባንያ ያወጣው ሞዴል ከአሜሪካኖቹ ምርጦች ጋር ሲነጻጸር፣ ኤንቪዲያ በአንድ የገበያ ቀን ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ አጣ። ብዙዎች ኬላው ተሰበረ ብለው ጻፉ። ዲፕሲክ ለመሠረታዊ ሞዴሉ የተጠቀመው ግን ኤንቪዲያ ለቻይና ብሎ ዝቅ አድርጎ የሠራቸውን፣ በኋላ የታገዱትን ቺፖች ነበር። ማለትም ኬላው ገና ከመዘጋቱ በፊት ያለፈ ዕቃ ነው። እጥረቱ የቻይና መሐንዲሶችን በጥቂት ስሌት ብዙ መሥራት አስተምሯቸዋል፤ ያም ሆኖ የኩባንያው ኃላፊ ራሳቸው ከገንዘብ ይልቅ የሚቸግራቸው የቺፕ ክልከላው መሆኑን ተናግረዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ክርክሩም ስለዚህ አያልቅም።

ይልቅ ለእኛ ዓይነት አገር ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ዲፕሲክና ሌሎች የቻይና ኩባንያዎች ሞዴሎቻቸውን ማንም በነጻ አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር እንዲያሠራቸው ለቀቋቸው። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ያለ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ የዶላር ክፍያ ካርድ ሳይኖረው ሊሞክራቸው ይችላል። ይህ ቸርነት አይደለም፤ ቺፕ የተከለከለ አገር ተጠቃሚ በማብዛት የሚያካክስበት ስልት ነው። የተለቀቀው ሞዴል የቤጂንግን ዝምታም ይዞ ይመጣል፤ በ1989 ቲያናንመን አደባባይ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀው ያውቀዋል። የአሜሪካኖቹም የየራሳቸው አመል አላቸው፤ ለምሳሌ ስለ ኢትዮጵያ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት የውጭ ሰው በእንግሊዝኛ የጻፈውን ነው።

ቤጂንግ የያዘችው በር

ቻይናም ባዶ እጇን አልተቀመጠችም። ቺፕ ያለ ማዕድን አይሠራም፤ ማዕድኑን የማጣራቱ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው በእጇ ነው። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ጋሊየምና ጀርማኒየም ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አደረገች፤ በ2024 መጨረሻ ለአሜሪካ ጭራሽ ከለከለች። በኦክቶበር 2025 ብርቅዬ በሚባሉት ማዕድናት ላይ ያወጣችው ደንብ፣ በውጭ አገር የተሠራ ዕቃ እንኳ የቻይና ማዕድን ካለበት ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ነበር። የዋሽንግተንን ደንብ ቃል በቃል የቀዳ ይመስላል፤ መልእክቱም ይኸው ነው። ከሦስት ሳምንታት በኋላ ትራምፕና ሺ ጂንፒንግ ቡሳን ላይ ተገናኝተው ደንቡ ለአንድ ዓመት ቆመ። አንዱ ኬላ ሌላውን ኬላ አስከፈተ።

ስለ ጦር መሣሪያው ብዙ አልልም፤ በሰፊው ተጽፎበታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2024 መጨረሻ በራሳቸው ዒላማ መርጠው ስለሚተኩሱ መሣሪያዎች ያሳለፈውን ውሳኔ 166 አገሮች ሲደግፉት ሦስት ብቻ ተቃውመውታል፤ ውሳኔው ግን አስገዳጅ አይደለም። ባይደንና ሺ በኖቬምበር 2024 ሊማ ላይ የኑክሌር መሣሪያ የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ እንዲቆይ መስማማታቸው እስካሁን በሁለቱ መካከል የተገኘ ትልቁ ቃል ነው። ይህን ያህል ግልጽ ነገር ለመናገር ሁለት መሪዎች ፔሩ ድረስ መሄድ ማስፈለጉ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ግድብ ያለው አገር ምን ይሸጣል?

ቺፕና ማዕድን ከተገኙ በኋላ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ነው። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ ስሌት እንደሚያሳየው በ2024 የዓለም ዳታ ማዕከላት 415 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ተጠቅመዋል፤ ይህም ከዓለም ፍጆታ 1.5 በመቶ ነው። በ2030 ከእጥፍ በላይ አድጎ ወደ 945 እንደሚደርስ ኤጀንሲው ይገምታል። ኃይል ያለው አገር ስለዚህ ሳይጠበቅ ወደ ጠረጴዛው ተጠርቷል።

ይህን ቀድመው የተረዱት የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። በሜይ 2025 የትራምፕ ጉብኝት ላይ ይፋ የሆነው የአቡ ዳቢ የዳታ ማዕከላት መንደር ሲጠናቀቅ 5 ጊጋዋት እንዲወስድ የታቀደ ነው። ቁጥሩን ለማሰብ ያህል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አጠቃላይ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። እኛ አሥራ አራት ዓመት አዋጥተን የሠራነውን ያህል ኃይል አንድ የኮምፒውተር መንደር ሊውጠው ታቅዷል። ለዚህ መግቢያ ግን ኤሚሬቶች የከፈሉት በገንዘብ ብቻ አይደለም። ጂ42 የተባለው ኩባንያቸው በ2024 ከማይክሮሶፍት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሲቀበል፣ ቀደም ሲል የነበሩትን የቻይና መሣሪያዎችና ሽርክናዎች እንዲያስወጣ ዋሽንግተን ግፊት አድርጋበታል። ኬላው የተከፈተው ወገን ለመረጠ ነው።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ያለው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ነው፤ ሁለተኛው 420፣ ሦስተኛው 1,870። በኦሞ ጊቤ ውኃ ላይ ብዙ ተሠርቷል። ሆኖም ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ገና መብራት የለውም፤ ጅማ ውስጥም መብራት ጠፋ ብሎ ሻማ መፈለግ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ መካከል ቻይና በ2021 የቢትኮይን ስሌትን ስታግድ ማሽኖቻቸውን የጫኑ ኩባንያዎች ርካሽ ኃይል ፍለጋ ኢትዮጵያም መጡ። መንግሥት «ዳታ ማይኒንግ» በሚል ስም አስተናግዷቸው በዶላር ኤሌክትሪክ ሸጠላቸው። የውጭ ምንዛሪ ለጠማው ኢኮኖሚ የሚናቅ ገቢ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ማሽኖች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥልጠና የሚሆኑ አይደሉም፤ ሥራቸው አንድ ዓይነት ስሌት መደጋገም ነው። ነገ ቢነቀሉ ከመጋዘኑ ጣራና ከሽቦው በቀር የሚቀር ነገር የለም። በእነርሱ ቦታ የሚመጣው የሞዴል ማሠልጠኛ ማዕከል በተመሳሳይ ውል ከመጣ ውጤቱም ተመሳሳይ ይሆናል።

ጅማ የኃያላን ፉክክር ሲያልፍባት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1952 እዚህ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት የቀዝቃዛው ጦርነት ልጅ ነው፤ አሜሪካ ፖይንት ፎር በተባለው የእርዳታ ፕሮግራሟ ከኦክላሆማ መምህራን ልካ አቋቋመችው። ዓላማው ለሶቪየት ሜዳውን አለመልቀቅ እንደነበር ምስጢር አይደለም። ትምህርት ቤቱ ግን ቀረ፤ ኮሌጅ ሆነ፤ በኋላም ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ወለደ። ኃያላኑ ለራሳቸው ብለው ቢመጡም ሰው የሚያሠለጥን ተቋም ትተው ሄዱ። የዛሬውን አቀራረብ የምመዝነው በዚህ ነው፤ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ሲሄዱ ምን ይተዋሉ?

ደንብ የሚጻፍበት ክፍል

ኖቬምበር 2023 ላይ እንግሊዝ ብሌችሊ ፓርክ የተጠራው የደኅንነት ጉባኤ 28 አገሮችንና የአውሮፓ ኅብረትን ሰበሰበ፤ አሜሪካና ቻይና አንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ። ከአፍሪካ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ሩዋንዳ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ አልነበረችም። ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ፓሪስ ላይ መንፈሱ ተለውጦ አሜሪካና እንግሊዝ መግለጫውን ሳይፈርሙ ቀሩ። ቻይና በጁላይ 2025 ሻንጋይ ላይ የዓለም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትብብር ድርጅት ይቋቋም ብላ ሐሳብ አቀረበች። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በኦገስት 2024 የጸናውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕጉን ይዞ፣ ወደ ገበያዬ የሚገባ ሁሉ በእኔ ሥርዓት ይገባል ይላል። የቡናው ሕግ የአጎት ልጅ መሆኑ ነው።

የባይደን አስተዳደር ሊሰናበት ቀናት ሲቀሩት በጃንዋሪ 2025 ያወጣው ደንብ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ዓለምን ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ነበር። አገሮችን በሦስት መደበ። 18 የቅርብ ወዳጆች ቺፕ እንደልባቸው ያገኛሉ፤ እንደ ቻይናና ሩሲያ ያሉት አያገኙም፤ አብዛኛውን አፍሪካ ጨምሮ የቀረው ዓለም በኮታ ያገኛል። ትራምፕ በሜይ ሻሩት። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት በአንድ ሰነድ ላይ የሌሎች አገሮችን የማሰብ አቅም በኮታ መስፈር እንደሚችል ታይቷል፤ የሚቀጥለው ሰነድ ሌላ ስም ይኖረዋል።

አፍሪካ ዝም አላለችም። የአፍሪካ ኅብረት በጁላይ 2024 አህጉራዊ ስትራቴጂ አጽድቋል። ኢትዮጵያም ራሱን የቻለ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አላት፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲውን አጽድቋል፤ በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ወረቀቱ መጥፎ አይደለም። ቁም ነገሩ ወረቀቱን ይዞ የሚደራደር ሰው ምን በእጁ እንዳለ ማወቁ ላይ ነው።

በእጃችን ካሉት አንዱ፣ ብዙ የማይነገርለት፣ ቋንቋ ነው። የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ በኮምፒውተር ሲቀመጥ 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል አንድ ብቻ። ጽሑፍን በባይት እየቆራረጡ የሚያነቡ ሞዴሎች ስለዚህ አንድን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቦታ ይከታትፉታል፤ አገልግሎቱ በቁራጭ ስለሚከፈልበት ይኸው ሐሳብ በአማርኛ ይወደዳል፣ ይዘገያል፣ ይሳሳታል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ከፊደሉ ችግር ያመልጣል፤ የሚሠለጥኑበት ጽሑፍ ማነስ ግን ያው ይጠብቀዋል፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚናገሩት ቋንቋ ሆኖ ሳለ። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። በጦርነቱ ዓመታት በፌስቡክ የተሠራጨውን ጥላቻ አልጎሪዝሙ አባብሷል የሚለው ክስ ናይሮቢ ለፍርድ ቤት ቀርቧል፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ቋንቋችንን በቅጡ የማይረዳ ማሽን በመካከላችን ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ዋጋው በሰው ሕይወት ሊከፈል እንደሚችል ሌላ አገር ሄደን መማር የለብንም።

ጅሬን ላይ የተደረገው ድርድር

ደካማ ወገን ከኃያል ጋር እንዴት ይደራደራል ለሚለው ጅማ የራሷ ትምህርት አላት። አባ ጅፋር ዳግማዊ በ1878 ሲነግሡ ገና ልጅ ነበሩ። የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲገሰግስ፣ በእናታቸው በጉሚቲ ምክር ጦር ከመማዘዝ ይልቅ ግብር መገበርን መረጡ። ጎረቤት መንግሥታት ተዋግተው ሲፈርሱ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን፣ ገበያዋንና ኬላዋን ይዛ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ቆየች። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሁሉ ይህን ይሰማል፤ ብልህነት ተብሎም ይወደሳል። ነበርም።

አስጎብኚው ብዙ ጊዜ የማይነካው ግን አለ። በዚያ ገበያ ከሚሸጡት መካከል ሰዎች ነበሩ። ድርድሩ ዙፋኑን አዳነ፤ በኬላው ታስረው የሚነዱትን ባሪያዎች አላዳነም። አገር ተደራድሮ ተጠቀመ ሲባል ከአገሩ ማን እንደተጠቀመ መጠየቅ የተለመደ አይደለም፤ ዛሬም። መንግሥት ከአንዱ ኃያል ዳታ ማዕከል፣ ከሌላው ካሜራና የመለያ ሥርዓት ሊያገኝና ሁለቱንም በብልሃት ሊይዝ ይችላል። ፊቱ የተመዘገበው መንገደኛ፣ ድምፁ ለማሠልጠኛ የተሰበሰበው ተናጋሪና ማሳው በነጥብ የተያዘው ገበሬ ግን በድርድሩ ላይ ወንበር የላቸውም።

በሁለት ኃያላን መካከል መቆም የማይቻል አይደለም። በ2021 ሁለተኛው የቴሌኮም ፈቃድ ለጨረታ ሲቀርብ፣ በሳፋሪኮም የሚመራውና የአሜሪካ መንግሥት ብድር ቃል የተገባለት ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ አሸነፈ፤ የተሸነፈው ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ያቀረበው የቻይናን የሐር መንገድ ፈንድ ይዞ ነበር። የውጭ ጋዜጦች አሜሪካ ቻይናን ረታች ብለው ጻፉ። ከዚያ የሳፋሪኮም ኔትወርክ የተዘረጋው በኖኪያና በሁዋዌ መሣሪያ ነው። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅትን ብድርም ይዛለች። ይህ ሁሉ ወላዋይነት ተብሎ ይተቻል፤ እኔ ግን ለድሃ አገር ከአንድ በላይ በር ክፍት ሆኖ መቆየቱን እመርጣለሁ።

የምቃወመው በሩ ሲከፈት የሚጠየቀውን ዋጋ ማነስ ነው። ለዳታ ማዕከል ኤሌክትሪክ ሲሸጥ ከዶላሩ በተጨማሪ የማሽኑ ሰዓት የተወሰነ ክፍል ለዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዲመደብ መጠየቅ ይቻላል፤ ኃይል አቅራቢው እኛ እስከሆንን ድረስ ይህ ልመና አይደለም። የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ድምፅና ጽሑፍ ለውጭ ኩባንያ ሲሰጥ፣ ተሠርቶ የሚወጣው ሞዴል እዚህ በነጻ እንዲሠራ ማስፈረም ይቻላል። የቡናውንም ነገር ቢሆን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምሁራንና የወረዳ ባለሙያዎች ማሳ ለማሳ ዞረው ጥላ ቡናን ከደን የሚለይ ካርታ መሥራት ይችላሉ፤ ሞዴሉም ከዚያ ካርታ ሊማር ይችላል። ብራስልስም የተሻለ ማስረጃ ቢቀርብላት የምትጠላ አይመስለኝም፤ የሚጎድለው አቅራቢ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚጀምሩት ግን የኤሌክትሪክና የዳታ ውሎች ዋጋቸውና ግዴታቸው ተዘርዝሮ ለሕዝብ ሲቀርብ ነው፤ ካልቀረበ ስለ ጥቅማቸው የሚነገረንን ለማመንም ለመካድም መንገድ የለንም።